ድንኳን ውስጥ የገባው ከሰል እና ከላንጋኖ የተከተለን ትኩሳት



ሰሞኑን ኢንቦክስ ከገቡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ ከጓደኞቻችን ጋር ላንጋኖ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው፤ ምን መድኃኒት ይዘን እንሂድ?» መጀመሪያ አጭር ዝርዝር ጽፌ ልለጥፍላችሁ ነበር። ከዚያ ግን ባለፈው ኅዳር የደረሰብን ትዝ አለኝ። ያኔ ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ። ከሰባታችን ሐኪም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሆኖም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተረፍን፤ ሁለቱንም ጊዜ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ ሰው እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ላስቀድም፣ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አለላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ጓደኞቼ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ቅዳሜ፦ መንገድ ዳር የገዛነው ከሰል

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተን በሞጆ አድርገን፣ መቂ ላይ ሐብሐብ ገዝተን፣ ባቱ ላይ አሳ በላን። ከባቱ ካለፋችሁ በኋላ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የተደረደረ ከሰል ታያላችሁ። እኛም አንድ ማዳበሪያ ጫንን። ማንደጃውን ከቤት ይዘን ነበር።

እንደደረስን ድንኳኖቹን ተከልን። መኪና ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ ጅብ ነበር። «ሌሊት ድንኳኑን ቢቀደውስ?» «እግሬን ወደ በሩ አላደርግም!» እኔ አጎበርና የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ሳወጣ ደግሞ ሳቁብኝ። «ዶክ፣ ዛሬ እኮ ተረኛ አይደለሽም፣ ተዪው!» አሉኝ። እውነትም እረፍት ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

ማታ ውጭ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሥጋ ጠበስን፣ ዘፈን ተከፈተ። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀን ላይ የሚያቃጥለው ፀሐይ ሲጠልቅ፣ በተለይ በኅዳር፣ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ይበርዳል። ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ንፋሱ ሲበረታ አንዱ ጓደኛችን ማንደጃውን ብድግ አድርጎ ትልቁ ድንኳን ውስጥ አስገባው። «ከሰሉ እኮ ነጥቷል፣ ጭስ የለውም፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ሁላችንም ተከትለን ገባን።

እዚህ ጋ ልናዘዝላችሁ። የድንኳኑን ዚፕ የዘጋሁት እኔ ነኝ። «ቢምቢ ይገባል» ብዬ።

ሙቀቱ ደስ ይላል። ካርታ መጫወት ጀመርን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱ «ራሴን አመመኝ» አለ፤ «ቢራው ነው» ተባለ። ሌላዋ ተጋድማ ዝም አለች፤ እንቅልፍ ነው ተባለ። እኔም ጭንቅላቴ ከብዶኛል፣ ግን ረጅም መንገድ ስለመጣን ነው አልኩ። ሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው።

የዳነው በአንድ ሰው ነው። የግቢው ዘበኛ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ በጨለማው ውስጥ ሲዞሩ የድንኳኑ ጨርቅ ቀላ ብሎ አዩት። ሳያንኳኩ፣ ሳይጠሩን ዚፑን ከፈቱት። «ልጆቼ፣ ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!» ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ማንደጃውን ይዘው አወጡት። ከእኛ አንዱ እንደመቆጣት ብሎ «ምን ሆነዋል ኦቦ?» አላቸው። እሱ ራሱ ሲነሳ ጉልበቱ ከዳው፤ ደጃፉ ላይ ወድቆ አስመለሰ።

እሳቸው ውሃ ካቀረቡልን በኋላ ቀስ ብለው ነገሩን። የወንድማቸው ልጅ በክረምት ከሰል ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ተኝቶ፣ እንደተኛ ቀርቷል። እኔ ስለዚህ ጋዝ ፈተና ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን ልጅ ቀብረው ነው ያወቁት። ለዚህ ይመስለኛል እኔ ዚፕ ስዘጋ እሳቸው የከፈቱት።

የሚያስመልሰው ጓደኛችን ቶሎ አልተሻለውም። ደግነቱ ከመካከላችን አንዱ አልኮል አይጠጣም፤ እሱ ነድቶ ሐኪም ቤት አደረስነው። ኦክስጅን ተደርጎለት ጠዋት ተመለሰ። የቀሩት ደግሞ ድንኳኑን ፈርተው እስኪነጋ ውጭ ተቀምጠው አደሩ። በባዶ እግር፣ በቁምጣ። ቅባቱ ያለበት ቦርሳ ከእኔ ጋር መኪና ውስጥ ነበር።

ከሰል ለምን ይገድላል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ነው፣ ግን አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን እያጡ ነው።

ሁለት የተሳሳቱ ነገሮች በብዛት እሰማለሁ፦

• «ከሰሉ ከነጣ አያፍንም።» ስህተት ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ጭሱ ቢኖር እንዲያውም ሳል ያስነሳችሁና ትወጡ ነበር።

• «በሩን ትንሽ ገርበብ ካደረግነው ችግር የለም።» ድንኳን ጠባብ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ አያድንም። ደህና የሚባል የከሰል አያያዝ ድንኳን ውስጥ የለም። መኪና ውስጥም፣ መኝታ ቤት ውስጥም የለም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል፣ መደናገር ናቸው። ከስካር ጋር በጣም ይመሳሰላሉ፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ መጀመሪያ እሳት መኖሩን ጠርጥሩ።

ከሆነባችሁ ሰዎቹን ወደ ንጹህ አየር አውጡ። ራሱን የሳተ፣ የሚያስመልስ፣ የተደናገረ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ወተት ለማጠጣት ጊዜ አታባክኑ፤ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ እንጂ ሆድ ውስጥ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጊዜ ያታልላል፤ 98 ቢያሳይም ሰውየው ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩት።

እሁድ፦ ውሃው

በማግስቱ ደክሞንም ቢሆን ዋኘን። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ሻይ በወተት ይመስላል። ይህ ቀለም ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ነገር ግን አንድ መዘዝ አለው፦ ታቹ አይታይም። ስለዚህ በጭንቅላት መዝለል ክልክል ነው። ጥልቀቱን ሳታውቁ ዘላችሁ አንገታችሁ ከተሰበረ ቀሪውን ዕድሜ በተሽከርካሪ ወንበር ማለት ሊሆን ይችላል።

የሰጠመ ሰው ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ለመጮኽ ትንፋሽ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ አዋቂ ክንዱን ዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ላይ መቆም ያለበት፣ ስልኩንም ኪሱ ከትቶ። የጠጣ ሰው አይዋኝ፤ ልጅም አይጠብቅ። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትውጡ፤ ላንጋኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሞገዱ ቀላል አይደለም።

ሰው ከውሃ ካወጣችሁና የማይተነፍስ ከሆነ፣ እግሩን ይዞ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ይቅር። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መሐል ላይ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪመጣ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።

«ቢልሃርዚያስ?» ትሉኛላችሁ። ላንጋኖ በተለምዶ ከቢልሃርዚያ ነፃ ከሚባሉት ሐይቆች አንዱ ነው፤ ሰው የሚዋኝበትም ለዚህ ነው። ይህንን ግን ለሁሉም ሐይቅ አትጠቀሙበት። የባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ፣ የሐዋሳ ሐይቅና ጣና ላይ በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። ተውሳኩ የሚወጣው ሣርና ደንገል በበዛበት ዳርቻ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ ቁስል ባይኖርባችሁም በቆዳ ይገባል። እግር ነክሮ ፎቶ መነሳትም ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ቆዳ ካሳከካችሁ፣ ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለው፤ ሐኪም ነው የሚያዘው።

ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግረን አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ሰማያዊነቱ ልብ ይሰርቃል። ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ አለ። ይህ እንደ መታጠቢያ ፍል ውሃ አይደለም፤ ከምንጩ ሲወጣ ቆዳ ይገሸልጣል። ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ አሳዩአቸው። የተቃጠለ ሰው ካለ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አትቀቡት።

ማታ አዲስ አበባ ገባን። «አለቀ፣ ተመስገን» አልን። አላለቀም ነበር።

ከ13 ቀን በኋላ፦ «ጉንፋን ነው»

ሁለተኛ ሳምንት ላይ አንዷ ጓደኛችን ደወለች። «ዶክዬ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ትኩሳት አለኝ፣ ራሴን ሊፈነክተኝ ነው።» በሁለት ታካሚ መሐል ነበርኩ። «የሰሞኑ ጉንፋን ነው፣ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ ፈሳሽ ጠጪ» ብዬ ዘጋሁት። አብረን ድንኳን ውስጥ ያደርን ሰዎች!

በሦስተኛው ቀን ሲብስባት ሰፈሯ ካለ ክሊኒክ ሄደች። ደሟ ታየና «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» ተባለች፤ መድኃኒት ተሰጣት። ማንም የት እንደነበረች አልጠየቃትም። በዚያ ሐኪም ልፈርድ አልችልም፤ እኔ እያወቅሁ አልጠየቅኋትም።

በአምስተኛው ቀን ተመላላሽ ክፍል አንድ አባት ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ሁልጊዜ የምጠይቀውን ጠየቅኋቸው፦ «አባባ፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ውጭ ወጥተው ነበር?» ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ታካሚዬን ይቅርታ ጠይቄ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩላት።

«ብለድ ፊልም አሠርተሻል?»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች። ድምፅዋ ደክሟል፤ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠችውን ሁሉ እያስመለሰች ነበር።

ውጤቱ ወባ ነው፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ ወደ አንጎልና ኩላሊት የሚሄደው ዓይነት። ሁለት ሌሊት ተኝታ አርቴሱኔት በመርፌ ተሰጣት፤ ከዚያ በሚዋጥ መድኃኒት ጨረሰች። ዛሬ ደህና ናት፣ ይህን ጽሑፍ ሳልለጥፍ በፊት አንብባዋለች። «ጉንፋን ነው ያልሽውን እንዳትረሺው» አለችኝ። ይኸው፣ አልረሳሁትም።

ለምን ይሳሳታል?

አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወባ ከሐኪሙም ከታካሚውም ሐሳብ ይርቃል። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው የአገራችን ክፍል ግን በአብዛኛው ወባማ ነው። ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። የበሽታው ትልቁ ወቅት ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ያው እኛ ለሽርሽር የምንወጣበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ወባ የነከሳችሁ ዕለት አያማችሁም። ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን እስከ አንድ ወር ይወስዳል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ሽርሽሩን ረስታችሁታል፤ ፎቶው ብቻ ነው ስልካችሁ ላይ ያለው።

ሦስተኛው፣ «ታይፎይድ» ተብሎ የሚነገረን ውጤት ብዙ ጊዜ ዊዳል ከሚባል ምርመራ የሚመጣ ነው። ዊዳል ከዚህ በፊት በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም። ታይፎይድ ተብላችሁም ወባ ሊኖርባችሁ ይችላል።

እንግዲህ ዝርዝሩ

ከመሄዳችሁ በፊት፦

1. አጎበር ወይም መረቡ ያልተቀደደ ድንኳን፣ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ።
2. ለብርዱ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ስሊፒንግ ባግ በሰው ቁጥር። ከሰል የሚገባው ብርድ ልብስ ሲያንስ ነው።
3. የታሸገ ውሃ፣ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ ፋሻ፣ ሁልጊዜ የምትወስዱት መድኃኒት (የአስም፣ የስኳር፣ የደም ግፊት)።
4. ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ወባ ለእነዚህ ይከፋል፤ አስቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒትም አለ።
5. የማይጠጣ ሹፌር አንድ ሰው ይወሰን። ቅርብ ያለው ጤና ተቋም የት እንደሆነ ጠይቁ።

እዚያ ስትሆኑ፦

1. እሳት ውጭ ተነድዶ ውጭ ይጠፋል። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት።
2. ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅባቱን ተቀቡ፣ ረጅሙን ልብስ ልበሱ። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።
3. ጫማችሁን ጠዋት ሳታራግፉ አታድርጉ። ሌሊት ያለ ባትሪ አትራመዱ።
4. የአካባቢው ሰው «ተዉ» ሲላችሁ ተዉ። ምክንያቱን በኋላ ጠይቁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ፦

1. በሚቀጥሉት ወራት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ ማንኛውም ትኩሳት ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ።
2. የመጀመሪያው ብለድ ፊልም ነፃ ነው ቢልና ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደገም። አንድ ጊዜ አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም።
3. ጎረቤት ያስተረፈውን የወባ መድኃኒት አትዋጡ። እንደ ተውሳኩ ዓይነት ሕክምናው ይለያያል።
4. መደናገር፣ መንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት መጥቆር፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ ወደ ክሊኒክ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፦ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት። «ዶክተር፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ላንጋኖ አድሬ ነበር።» ሐኪምም ሰው ነው፣ ይደክመዋል፣ ይቸኩላል፣ ይረሳል። ከእኔ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ያደረችውን ልጅ እንኳ ረስቻለሁ።

ላንጋኖ አትሂዱ አላልኩም። እኔም ዘንድሮ እሄዳለሁ፤ ለእኒያ አባት ጋቢ ገዝቼላቸዋለሁ። የእሳቸው ጫፉ በእኛ ማንደጃ ተቃጥሏል።

ይህን ጽሑፍ ለሽርሽር ግሩፓችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ «ከሰሉ ነጥቷል» ለሚለው ጓደኛችሁ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ተመለሱ!